ሰዓታችንን ማን ይቁጠርልን?

ሥራ እንዴት ይዟችኋል? «ይመስገነው፣ ሰዓት ነው ያነሰኝ» የምትሉኝ አትጠፉም። የዛሬው ወጋችን ስለዚሁ ስለ ሰዓት ነው፤ ያውም ስልክና ኮምፒዩተር ስለሚቆጥሩልን ሰዓት።

የሠራተኛን መግቢያና መውጫ የሚመዘግበውን ሰዓት በ1888 ኒውዮርክ ግዛት፣ ኦበርን ከተማ የፈለሰፈው ዊላርድ በንዲ የተባለ ጌጣጌጥ ሻጭ ነበር። ግድግዳ ላይ ይሰቀል የነበረው ሳጥን ዛሬ ኪሳችን ገብቷል። እዚህ ሊቶኒያ መጋዘን የሚሠራውም፣ ፓርኪንግ የሚጠብቀውም፣ አረጋዊ ቤት ሄዳ የምትጦረውም ስልክ ተጭኖ መግባት፣ ተጭኖ መውጣት ሆኗል። የአረጋውያን ጠባቂዎችማ በሜዲኬድ የሚከፈል ከሆነ በ2016 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለባቸው፤ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ተቀባዩ፣ ሰጪው፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት በኤሌክትሮኒክ መመዝገብ አለበት።

ፕሮግራሙ ታዲያ አልፎ አልፎ «እንዴት አገኙኝ? ኮከብ ይስጡኝ» ይላል። እኛ አበሾች እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ነን። አንዳችን በይሉኝታ አምስቱንም ኮከብ እናድላለን። ሌላችን አንድ ኮከብ ወርውረን «ሌባ!» ብለን እንወጣለን። ሁለቱም የጎደለች ደሞዝ አያስመልሱም።

በራሴ የደረሰውን ላጫውታችሁ። ቀደም ሲል እሠራበት የነበረ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) የስልኩ ፕሮግራም በየቀኑ 30 ደቂቃ ለምሳ እያለ በራሱ ይቀንስ ነበር። ምሳ ወጣሁ አልወጣሁ ጉዳዩ አይደለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ 6 ቀን ቆሜ እየሠራሁ ነው የጎረስኩት። ስድስት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሦስት ሰዓት ነው። በአስተያየት መስጫውም፣ ለደሞዝ ክፍሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ላክሁ፦ ቀኖቹን፣ የገባሁበትንና የወጣሁበትን ሰዓት፣ የተቀነሰውን ደቂቃ፣ የስልኩን ስክሪን ፎቶ። ስድብ የለም፣ ልመናም የለም። በሚቀጥለው ቼክ ሦስቱ ሰዓት ገባ። ማሽኑ ሌባ አልነበረም፤ እንደዚያ ቀንስ ብሎ ያዘዘው ሰው ነበር።

ሕጉ ምን ይላል? በ1938 የወጣው የፌዴራል የሥራ ሕግ ሥር፣ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ያለች አጭር ዕረፍት የሚከፈልባት ናት። የምሳ ሰዓት የማይከፈልበት ከሥራ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቃችሁ ብቻ ነው። ሰዓትን ወደ ሩብ ሰዓት ማጠጋጋት ይፈቀዳል፤ ሆኖም አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ሆኖ መቻቻል አለበት። ሁልጊዜ ወደ ታች ከሆነ ጨዋታው ፈርሷል። ይህ ሁሉ ለተቀጣሪ ነው፤ በ1099 የሚከፈለው ሾፌር ጉዳይ ሌላ ነው።

ደግሞ በኮምፒዩተር ከቤት የምትሠሩ ልጆች አላችሁ። ብራውዘር ላይ የምትለጠፈዋን ሰዓት ቆጣሪ ኤክስቴንሽን ስትጭኑ ፈቃድ የምትጠይቀውን አንብቡ። «በምትጎበኟቸው ድረ ገጾች ሁሉ ያለውን መረጃ ማንበብና መለወጥ» የሚል ካለበት፣ የባንክ ሒሳባችሁን በምትከፍቱበት ብራውዘር አትጫኑት። ለሥራ ለብቻው ክፈቱ፤ በአስተያየታችሁም «ሰዓት ለመቁጠር ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ግን የራሳችሁ ደብተር ይኑራችሁ። በ1946 ሚሺጋን ውስጥ የአንድ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኞች ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ አሠሪው በቂ መዝገብ ካልያዘ የሠራተኛው ምክንያታዊ ማስረጃ ተቀባይነት አለው፣ ማስተባበሉ የአሠሪው ዕዳ ነው ተብሎ ተወስኗል። ደብተሩን ስትጽፉ ግን በሀበሻ ሰዓት አይሁን! «ጠዋት 1 ሰዓት» ብላችሁ የጻፋችሁት ለፈረንጁ ሌሊት ነው። ቼኩ ላይ 7.75 የሚለውም ሰባት ሰዓት ከሰባ አምስት ደቂቃ ሳይሆን ከ45 ደቂቃ መሆኑን ልብ በሉ።

በጽሑፍ ጠይቃችሁ መልስ ካጣችሁ፣ የፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር የደሞዝና ሰዓት ክፍል በ1-866-487-9243 በነፃ ይቀበላል፤ አስተርጓሚም ጠይቁ። መክሰሻው ጊዜ በመደበኛው ሁለት ዓመት፣ አሠሪው እያወቀ ካጠፋ ሦስት ዓመት ነውና «ይሁን፣ እግዜር ይስጠኝ» እያላችሁ አታሳልፉት። እግዜርማ ጉልበቱን ሰጥቶናል፤ መቁጠሩን ለእኛ ትቶታል።