እንጨቱም ይጠየቅ

በጣሊያኗ ሉካ ከተማ፣ በቅዱስ ማርቲን ካቴድራል ውስጥ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም፣ ከእንጨት የተጠረበ ስቅለት አለ። ክርስቶስ እግሩ ድረስ የሚወርድ ቀሚስ ለብሶ፣ ዓይኑን ገልጦ ይታያል። የከተማው ሰው «ቮልቶ ሳንቶ»፣ ቅዱስ ገጽ፣ ይለዋል። በመስከረም በዓሉ ሲደርስ ዘውድ ይደፋለታል።

ትውፊቱ በክርስቶስ ዘመን የነበረው ኒቆዲሞስ ጠረበው፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሉካ ደረሰ ይላል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁራን ግን የአጠራረብ ስልቱን አይተው፣ ዋናው ጠፍቶ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተተካ ቅጂ ነው ሲሉ ኖሩ።

በ2020 እ.ኤ.አ. የፍሎረንስ የኑክሌር ፊዚክስ ተመራማሪዎች ሦስት የእንጨት ናሙናና አንድ የጨርቅ ቁራጭ ወስደው በካርቦን 14 መረመሩ። ቁልፉ ጨርቁ ነበር። ካርቦኑ የሚናገረው ዛፉ ስላደገበት ዘመን እንጂ ጠራቢው መሣሪያ ስላነሳበት ቀን አይደለም፤ ግንድ ተቆርጦ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ቀለም ከመቀባቱ በፊት እንጨቱ ላይ የሚለጠፍ ጨርቅ ግን ያን ያህል ዘመን ተከማችቶ አይቆይም። የምርመራው ውጤት ከ770 እስከ 880 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ላይ አረፈ። በምዕራቡ ዓለም ካሉ ጥንታዊ የእንጨት ስቅለቶች አንዱ ነው ተባለለት።

እርግጥ ነው፣ የኒቆዲሞስ እጅ አልነካውም። ምሁራኑ ግን ወደ ሦስት መቶ ዓመት ስተዋል፤ ስንት መጽሐፍ ያገላበጠው ሰው «ተረት ነው» ያለው የከተማው ትውፊት በመድረሻው ዘመን ረገድ ከእነሱ ይልቅ ለእውነት ቀርቦ ተገኘ። በጀርመን ኮሎኝ ያለው፣ የጌሮ መስቀል የሚባለው የእንጨት ስቅለትም ዕድሜው ሲያከራክር ቆይቶ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. የኦክ እንጨቱ ዓመታዊ ቀለበቶች ተመርምረው ወደ 10ኛው ክፍለ ዘመን መልሰውታል። ላቦራቶሪ የእምነት ጠላት ነው የሚሉ ወገኖች እነዚህን ሁለቱን ቢያስቡ ጥሩ ነው። ትውፊትን ሳይመረምሩ የሚንቁም እንዲሁ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ወግ ሥዕል እንጂ የተቀረጸ ሐውልት አይደለም። ጥርብ እንጨት ግን ሞልቷል፤ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ይመሰክራል። የሚያሰጋው እድሳቱ ነው። አሮጌ በር ወይም ተሸካሚ ተነቅሎ ሲጣል፣ ሊመረመር የሚችለው ማስረጃ አብሮ ይጣላል። ስለዚህ እድሳት ያሰባችሁ የደብር አስተዳዳሪዎች፣ ከመነቀሉ በፊት ባለሙያ ጥሩ፤ አስቀድሞ የተነቀለ ካለም ዝናብና ምስጥ የማይደርስበት ቦታ አኑሩት።