የሚያስቅ ሐሳብ ያላት ትናገር

እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ማዳም አይደለም፤ ስለ ራሳችን ነው። እሁድ ስንሰበሰብ አንዷ እጇን አውጥታ «ይቅርታ፣ ኢቃማ የምትሉት ምንድን ነው?» ስትል ከኋላ የሚሰማው ሳቅ ከየት የመጣ ነው? የሳቀችዋስ መልሱን ታውቃለች? እኔ እንዳየሁት፣ ከሚስቁት ብዙዎቹ ስብሰባው ሲያልቅ ደረጃ ላይ ጠብቀው ያንኑ ጥያቄ በጆሮዬ ይጠይቁኛል።

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን አደግን። እዚህ ስንመጣ ደግሞ አረብኛ ባበላሸን ቁጥር የቤቱ ልጆች ሳቁብን። ዝምታ ጨዋነትም መዳኛም መሰለን። ማዳም ፊት አንዳንዴ እውነትም መዳኛ ነው፤ ፓስፖርትሽን የያዘች ሴት ፊት ቃልሽን ብትመርጪ አልነቅፍሽም። እርስ በርሳችን ግን ምን ሆነን ነው? እህትሽ ፓስፖርትሽን አልያዘችብሽም።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ይነቅዛል እንጂ! አንዷ ኮንትራቷ ላይ የተጻፈውና እጇ ላይ የሚደርሰው ደሞዝ ለምን እንደሚለያይ መጠየቅ አፍራ ሁለት ዓመት ትጨርሳለች። ያንኑ ችግር የፈታችው ሌላዋ አጠገቧ ተቀምጣ ቡና ትጠጣለች፤ እሷም «አዋቂ ነኝ አለች» እንዳይሏት ፈርታ አትናገርም።

«ሰው ይስቅብናል» ለምትሉ አንድ ነገር ላስታውስ። የቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ትረፍ፣ ፓስፖርቷን ራሷ ትያዝ ማለት ለስንቱ አሠሪ ቀልድ ነበር! በ2011 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 ሆኖ ወጣ። እዚህ ሊባኖስ የ1946ቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ጨርሶ አያካትትም። ሆኖም በጃንዋሪ 2015 የቤት ሠራተኞች ቤይሩት ተሰብስበው የሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ። ሚኒስቴሩ እውቅና ነፈጋቸው። ስለዚህ «ተናገሩ፣ ሁሉም ይስተካከላል» ብዬ አላታልላችሁም። ግን «እኛም እንደራጅ» የሚለው ቃል መጀመሪያ ከአንድ ሰው አፍ መውጣት ነበረበት። ያቺ ሰው የሕግ ተማሪ መሆን አላስፈለጋትም። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም።

እንግዲህ ለማኅበራችን የማቀርበው ይህን ነው። በእሁድ ስብሰባ አዲስ የመጡት ቀድመው ይናገሩ፤ ነባሮቹ እንከተል። በጥያቄ የሳቀች እሷው ተነስታ መልሱን ትስጠን። አማርኛ የሚከብዳት በኦሮምኛ ትናገር፤ የሚያስተረጉም አናጣም። የማታውቀውን «አላውቅም» ያለች አትታማ፤ ለሚቀጥለው እሁድ አብረን ጠይቀን እንምጣ።

ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው የምትል ካለች እሰየው፤ ትነሳና የተሻለውን ታምጣ።