ካፊያ ቤት ያፈርሳል

ሲያትል የዝናብ ከተማ መሆኗን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን የዓመቱ ዝናብ በሚሊ ሜትር ሲለካ አዲስ አበባ ትበልጣታለች። ልዩነቱ አወራረዱ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ሰማይ ዶፉን በሐምሌና በነሐሴ ያወርድና ከመስከረም በኋላ ፀሐይ ቆርቆሮውን ታደርቀዋለች። የሲያትሉ ግን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሲያካፋ ይከርማል። እኛ ዶፍ ለምደን ካፊያ እንንቃለን፤ ቤት የሚያፈርሰው ግን ካፊያው ነው።

ከሬይነር ቫሊ እስከ ሬንተንና ኬንት ስንቱ ወገናችን ሁለት ሥራ ሠርቶ ያፈራው ሀብት ያው ቤቱ ነው። የአስፋልት ሺንግል ጣሪያ ደግሞ ዕድሜው ከ20 እስከ 30 ዓመት ቢሆን ነው። የእርስዎ መቼ ነበር የተሠራው?

ጣሪያው ላይ ሞስ የሚሉት አረንጓዴ ሽበት ካዩ ጌጥ አይምሰልዎ። የሺንግሉን ጠርዝ ያነሳል፣ እንደ ስፖንጅም ውሃ ይዞ ያቆያል። በኃይለኛ የውሃ ግፊት ላጥበው ቢሉ ደግሞ ሺንግሉን ከፀሐይ የሚከላከለውን ጠጠር አብረው ያጥቡታል። የሚሻለው በብሩሽ በቀስታ ከላይ ወደ ታች ማራገፍ፣ ከዚያም በጣሪያው አናት ላይ የዚንክ ሰቅ ማስመታት ነው። ዝናቡ ዚንኩን እያጠበ ሲወርድ ሞሱ እንዳይበቅል ያደርጋል። የአገራችን ቆርቆሮ የሚለበጠውም በዚሁ ዚንክ ነው።

ኮርኒስዎ ላይ ቡናማ እድፍ ከታየ ቀዳዳውን በትክክል ከበላዩ አይፈልጉ። ውሃ በጣሪያው እንጨት ላይ ተጉዞ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። ብዙውን ጊዜ የሚያፈስሰው በጭስ ማውጫው ዙሪያ፣ በቧንቧዎቹ መውጫና ሁለት ጣሪያ በሚገናኝበት ሸለቆ ነው። አንዳንዴም ጥፋቱ የዝናቡ ሳይሆን እንፋሎቱን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ኮርኒሱ በላይ የሚተፋው የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ ነው። ስለዚህ “ሙሉው ይቀየር” ያለዎትን ሁሉ ቶሎ አይመኑ።

መቼም የእኛ ነገር ይታወቃል። “የአገር ልጅ ነው” ብለን ያለ ወረቀት ጥሬ ገንዘብ እንቆጥራለን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት ለልጆቻችን እንነግርና እኛ እንረሳዋለን። በዋሽንግተን ግዛት ማንኛውም ኮንትራክተር በሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት መመዝገብ፣ ዋስትናና ኢንሹራንስ ማስያዝ አለበት። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማየት ነውር አይደለም። ለሦስት ሰው አስገምቱ። ሥራው ሳይጀመር አብዛኛውን ሒሳብ በቀብድ ስም አታስረክቡ። ኮንትራክተሩ ሺንግሉን ለሸጠለት ነጋዴ ካልከፈለ ነጋዴው በእርስዎ ቤት ላይ የዕዳ መያዣ ሊያስመዘግብ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍያ ሲሰጡ “ዕዳ የለብዎትም” የሚል የተፈረመ ወረቀት ይቀበሉ።

ኢንሹራንሱስ ቢሉ፣ አውሎ ነፋስ የገነጠለውን ይከፍል ይሆናል እንጂ በእርጅና ያለቀውን እንደ ደንቡ አይከፍልም።

እናት አገር ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ሲሆን እዚህ በጋ ነው። መሰላል የሚቆመውም ያኔ ነው። ካፊያው ከጀመረ ወዲያ አሸንዳ ከመጥረግና ባልዲ ከመደቀን በቀር የሚቀር ምርጫ ጥቂት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ስለ እሳት ቢናገሩም ለውሃም ይሠራል።