ደብተር ስለሌለው ዱቤ፦ ለድሬ ወላጆች

ከዋሽንግተን ዳርቻ ነው የምጽፈው። ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ስለማይሠራ በቀጥታ እገባለሁ።

ዘንድሮ ከአገር ቤት የሚደወልልኝ ስልክ ጠባዩን ቀይሯል። ድሮ ለሠርግ፣ ለሕክምና ነበር፤ አሁን «ብድሬ ደረሰብኝ» የሚል ወጣት በዝቷል። አንዱ በስልኩ የተበደረ፣ አንዱ ታይዋን ገበያ ሞባይል በዱቤ ያነሣ ነው።

ዱቤን ልወቅስ አይደለም፤ ሰፈራችን ገንደ ቆሬ ያደግነው በዱቤ ነው። ባለሱቁ ስኳሩንም ዘይቱንም ደብተሩ ላይ ያሰፍራል፤ አባቴ የምድር ባቡር ደሞዙን ሲቀበል ይሰርዛል። ደሞዙ ስንት እንደሆነ ባለሱቁ አሳምሮ ያውቃል። ሒሳቡ ከዚያ ሊያልፍ ሲል «ሂድ እናትህን ጥራልኝ» ይለኛል። አቦ፣ ከዚያ የተሻለ የሒሳብ አስተማሪ አላየሁም!

አሁን ዱቤው ወደ ስልክ ገብቷል፤ ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የስልክ ብድሮችን ጀመረ። ቀጥሎ የዳሸን የዕቃ ዱቤ፣ «ዱቤ አለ» መጣ። ከፊራ ገበያ ላይ አትክልት ለምትቸረችር ሴት ያለ ቤት ካርታ ብድር ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ስልኩ ግን እናት አያስጠራም። ስለዚህ ልጁ ራሱ ማስላት አለበት።

ከሰፈር አበዳሪ 5,000 ብር ወስዶ በወሩ 5,500 የሚመልስ ልጅ «500 ብር ምን አላት» ይላል። በዓመት ሲታሰብ 120 በመቶ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 2479 ግለሰብ ተዋዋዮች በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል። ይህን የሚያውቅ ስንት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አለ?

ባጃጅ ለመግዛት ከአበዳሪ ተቋም የሚበደረውማ የባሰ ይሸወዳል። 100,000 ብር በ15 በመቶ ለአንድ ዓመት ወስዶ በየወሩ እኩል ሲከፍል፣ ወለዱ በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ከታሰበ እውነተኛው ዋጋ ከ26 በመቶ ያልፋል፤ የመለሰውን ገንዘብ ጭምር ወለድ እየከፈለበት ነውና። ውሉን ሳይፈርም «ወለዱ በቀሪው ዕዳ ነው ወይስ በመነሻው?» ብሎ መጠየቅ ይልመድ። ዋስ ሆኖ የሚፈርመው አጎትም እንዲሁ።

እዚህ አሜሪካ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ገቢም ዋስም የሌለው ከ21 ዓመት በታች ወጣት ክሬዲት ካርድ እንዳይሰጠው አግዷል። ትንሹን ክፍያ ብቻ እየከፈሉ ዕዳው በስንት ዓመት እንደሚያልቅም ወርኃዊው ሒሳብ ላይ ይታተማል። የእኛን ልጆች እንዲህ ያለ ሕግ እስኪመጣላቸው ድረስ የዕቁብ ዳኞችና የሒሳብ መምህራን ቢይዟቸው ደስ ይለኛል፤ ዕቁብ የጣለ ልጅ ቀን መቁጠር ያውቃል።

እኛ በውጭ ያለነውም ዝም ብለን እየላክን አበላሽተናቸዋል። ከእንግዲህ ለዕዳ መክፈያ የሚጠይቀኝ የወሰደውን፣ የሚመልሰውንና ቀኑን ጽፎ ይላክልኝ። ባጃጅ ከሆነ የዕለት ገቢውንም ይጨምርበት፤ ቤንዚኑን ቀንሶ።