የአብራሪው የእጅ ባትሪ

አውሮፕላን አብራሪ በተልእኮው ላይ ሳለ የራሱን የእጅ ባትሪ ይይዝ ዘንድ ይገባዋልን? የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በሌሊት ለሚበር አውሮፕላን በየበረራ ሠራተኛው ስፍራ ራሱን የቻለ የእጅ መብራት እንዲኖር ደንግጓል፤ ነገር ግን በጋይንትና በስማዳ ተራሮች ሰማይ ላይ፣ በጽልመት መካከል፣ የኤሌክትሪኩ ኃይል ቢቋረጥና በአውሮፕላኑ የተቀመጠው የእጅ ባትሪም ደክሞ ቢገኝ፣ አብራሪው በኪሱ ካለው ብርሃን በቀር ምን ይተርፈዋል? ከመነሣቱ አስቀድሞ ጎማውን፣ የሞተሩን አፍና የክንፉን ሥር ዞሮ ሲመረምርም የአውሮፕላን ሜዳው መብራት ጥላውን ሁሉ አይገልጥለትም። ስለዚህ፣ ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ የመንገደኛን ነፍስ በአደራ የተቀበለው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሆነ ሌላው፣ የግል ባትሪን ግዴታ ያድርግ፤ ዋጋውንም ድርጅቱ እንጂ አብራሪው አይክፈል እንላለን።