ጠዋት አልነሳ ያለው ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ የ15 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው እዚሁ ሶዶ ቤቴ መጡ። «ሲስተር፣ ይህ ልጅ ደም ሳያንሰው አይቀርም። ጠዋት ሬሳ ነው፤ ሲመሽ ነፍስ ይዘራል። ክፍል ውስጥ እያንቀላፋ ስላስቸገረ አባቱ ትምህርቱን አስትቼ ሥራ አስገባዋለሁ ብሏል» አሉኝ። ልጁ አንገቱን ደፍቷል።

የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ገልበጥ አድርጌ አየሁ፤ ቀላ ያለ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ስጠይቀው «ከእኩለ ሌሊት በፊት ዓይኔ አይከደንም» አለ። አያቱ ደግሞ ለጸሎት ሲነሱ 11 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሱታል። አምስት ሰዓት እንቅልፍ! በዚህ ዕድሜ የሚያስፈልገው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው።

አንጎላችን ውስጥ የሰውነት ሰዓት የሆነች ትንሽ ክፍል አለች። ሲጨልም ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን እንዲመነጭ ታደርጋለች። በጉርምስና ወቅት ይህ ሆርሞን አምሽቶ ይመነጫል። ከ20 ዓመት ወዲያ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ወደ ማለዳ ይመለሳል፤ እኛ አሮጊቶቹ ደግሞ ዶሮን ቀድመን እንነቃለን። እንግዲህ አያትና ጎረምሳ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ቢጋጩ ምን ይገርማል? ዘርም አለበት። በ2017 እ.ኤ.አ. ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የኖቤል ሽልማት ያገኙት ይህ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ በፍራፍሬ ዝንብ ጂኖች ላይ ስላሳዩ ነው።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ የመጀመሪያ ልጄን ውሃ እየረጨሁ አስነሳው ነበር። የሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ ስገባ ተኝቶ ሳገኘው ደሜ ይፈላል። እህቱ በማለዳ ተነስታ ቤት ትጠርጋለች፤ እሱ «ሰነፉ» ነው። አሁን የልጆች አባት ሆኖ እንኳ ያን ስም አልረሳውም። አንድ ቀን በቡና ላይ አነሳብኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ለጎረቤቴ የነገርኳቸው ጥቂት ነገር ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለሆነ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ይተኛ፤ ሲነሳ ወዲያው ደጅ ወጥቶ ብርሃን ይይ። ማታ የምንጠጣው የቡና ቅጠልም ካፌይን ስላለው ለእሱ ከቀትር በኋላ ይቅርበት። ቅዳሜና እሁድ እስከ ቀትር አይተኛ፤ ሰዓቱን ይብስ ያዛባዋል። በቂ ተኝቶም ከደከመው፣ ወይም ካንኮራፋና ትንፋሹ ከተቆራረጠ ጤና ጣቢያ ይታይ።

አባቱን ራሴ አነጋግሬዋለሁ፤ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ እታገሣለሁ ብሏል። ልጁ በቡናው ተስማምቷል። ስልኩን ማታ ማታ አያቱ ዘንድ ማሳደር በሚለው ግን ገና እየተከራከርን ነው።