ስም መፋቅና ቦታ መልቀቅ፦ በጋራ ሰርቨሮች ላይ ፋይል ስለ መሰረዝ

ለምርምር የሚያገለግል የጋራ ሰርቨር ዲስኩ ሲሞላ የሚሆነው ነገር ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ተጠቃሚዎች የማይፈልጓቸውን ፋይሎች እንዲያጠፉ መልእክት ይተላለፋል፤ አንዱ ብዙ ጊጋባይት የያዘ ሎግ ፋይል ይሰርዛል፤ የዲስኩ ይዞታ ግን እንደነበረ ይቀራል። በመጨረሻም አንድ ሰው ሰርቨሩን አጥፍቶ ያስነሣዋል፤ ቦታው ይለቀቃል፤ ችግሩም እንደተፈታ ይቆጠራል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በተሳተፈበት አንድ ምርምር ላይ ይኸው በተፈጸመ ጊዜ፣ ለዘጠኝ ቀናት ሲካሄድ የቆየ የአንድ ባልደረባ የሞዴል ሥልጠና ከመካከል ተቋርጦ እንደ አዲስ ተጀምሯል። ቦታውን ይዞ የነበረው ግን የእሱ ሥራ አልነበረም።

በአቅራቢው እምነት፣ በዩኒክስና በሊኑክስ ላይ ፋይል ከተሰረዘ በኋላም ቦታ ይዞ መቆየቱ የታሰበበት ባሕርይ እንጂ ጉድለት አይደለም። ስለሆነም ሰርቨሩን ከማስነሣት በፊት ፋይሉን ማን እንደያዘው መጠየቅ የእያንዳንዱ ተመራማሪ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

የተሳሳተ ግንዛቤው የሚጀምረው «መሰረዝ» ከሚለው ቃል ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ዩኒክስ ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ ፋይል በማውጫ ውስጥ ከሚገኘው ስሙ ተነጥሎ የሚኖር ነገር ነው። ማውጫው የሚይዘው ስሙንና ወደ ፋይሉ የሚያመለክት ቁጥር ብቻ ነው። የፋይሉ መጠን፣ ባለቤቱና ይዘቱ በዲስኩ ላይ የሰፈረበት ስፍራ የሚመዘገቡት አይኖድ በተባለ ሌላ መዝገብ ላይ ነው። አርኤም የተባለው የመሰረዣ ትእዛዝ የሚጠቀምበት የሥርዓቱ አገልግሎት አንሊንክ መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትርጉሙ ማያያዣን መፍታት ነው። ይዘቱ የያዘው ቦታ የሚለቀቀው ሁለት ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው፦ ፋይሉ በየማውጫው ያለው ስም ሁሉ ሲፋቅና ፋይሉን የከፈተ ፕሮግራም ሁሉ ሲዘጋው። ስሙ ከቀበሌ መዝገብ የተሰረዘ ተከራይ ቁልፉን እስካላስረከበ ድረስ ቤቱ ባዶ አይሆንም።

ሁለቱ የተለመዱ የዲስክ መለኪያዎች የማይስማሙትም ስለዚሁ ነው። ዲዩ በማውጫዎች ውስጥ እየዞረ በስም የሚያገኛቸውን ፋይሎች ይደምራል፤ ዲኤፍ ግን ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ የፋይል ሥርዓቱን ራሱን ይጠይቃል። ስሙ ተፍቆ ያልተዘጋ ፋይል በመጀመሪያው ስሌት አይታይም፤ በሁለተኛው ግን ይቆጠራል። የቁጥሮቹ ልዩነት የተደበቀው ፋይል ስፋት ጠቋሚ ነው።

ይህ ባሕርይ ጥቅም አለው። ብዙ ፕሮግራሞች ጊዜያዊ ፋይል ከፍተው ስሙን ወዲያው ይፍቁታል፤ በድንገት ቢቋረጡ እንኳ ፋይሉ በዲስኩ ላይ ተረስቶ አይቀርም። ሶፍትዌር በሚታደስበት ጊዜም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ቀድሞ የከፈተውን ላይብረሪ እንደያዘ ሥራውን ይቀጥላል።

ፋይሉን የያዘውን ማግኘትም አስቸጋሪ አይደለም። ኤልሶፍ የተባለው ትእዛዝ «ፕላስ ኤል አንድ» ከሚለው አማራጭ ጋር ሲሰጥ፣ ስማቸው ተፍቆ ያልተዘጉ ፋይሎችን ከከፈታቸው ፕሮግራምና ከተጠቃሚው ስም ጋር ይዘረዝራል። የሁሉንም ተጠቃሚዎች ለማየት የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልጋል። ባለቤቱ ከታወቀ ያንን አንድ ፕሮግራም መዝጋት ይበቃል። ገና እየተጻፈበት ያለን ሎግ በተመለከተም፣ ፋይሉን ከመሰረዝ ይልቅ በትሩንኬት ትእዛዝ ይዘቱን ማራገፍ ቦታውን ወዲያው ያስለቅቃል። ከዚህም በላይ በሊኑክስ ላይ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል፣ የከፈተው ፕሮግራም እስካለ ድረስ፣ ፕሮክ በተባለው ማውጫ በኩል መልሶ ሊቀዳ ይችላል። ሰርቨሩ ከተነሣ ግን ይህ ዕድል ከቦታው ጋር አብሮ ያልፋል።

እርግጥ ነው፣ የዲስክ መሙላት ምክንያት ይህ ብቻ አይደለም። ፋይሉ በሌላ ማውጫ ሁለተኛ ስም ሊኖረው ይችላል፤ ዜድኤፍኤስንና ቢቲአርኤፍኤስን በመሰሉ የፋይል ሥርዓቶች ላይ ደግሞ ቀደም ሲል የተወሰደ ስናፕሾት ይዘቱን ይዞ ሊያቆየው ይችላል። ኢኤክስቲ4 በበኩሉ በተለመደው አሠራር ከጠቅላላው ቦታ 5 በመቶውን ለአስተዳዳሪው ያስቀምጣል። በእነዚህ ሁኔታዎች ሰርቨሩን ማስነሣት አንዲት ባይት እንኳ አያስገኝም፤ የሌሎችን ሥራ ማቋረጡ ግን አይቀርም።

ተመራማሪ የሥርዓት አስተዳዳሪ እንዲሆን አይጠበቅም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋ አይመስልም። በጋራ ቤተ ሙከራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቦታ የጠበበው ተማሪ የሌሎችን ናሙና አውጥቶ አይጥልም፤ በመጀመሪያ የማን እንደሆነ ይጠይቃል። ይህን የሚያደርገው የማቀዝቀዣ ባለሙያ ስለሆነ ሳይሆን መሣሪያው የጋራ ስለሆነ ነው። በሰርቨር ላይ የሚካሄድ ስሌትም ከናሙና ያነሰ ክብር ሊሰጠው አይገባም።

ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች ሁለት ነገሮችን ቢያደርጉ መልካም ነው። የመጀመሪያው፣ አዲስ ተማሪ የሰርቨር ይለፍ ቃል ከመቀበሉ በፊት ስለ ፋይል፣ ስለ ስምና ስለ አይኖድ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ የኤልሶፍ ዝርዝር ሳይታይና በሥራ ላይ ያሉ ተጠቃሚዎች ሳይነገራቸው ማንም ሰርቨሩን እንዳያስነሣ በጽሑፍ መደንገግ ነው። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም፤ የዘጠኝ ቀን ድካም ግን ያድናሉ።